ሀምዱ ለመርየም የሰቀለው ነፋስ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሀምዱ ይመር ያልወጣበት ጣሪያ ቢኖር የሰማዩ ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የመብራት ሽቦ እየዘረጋ፣ መሰላል ተሸክሞ የሰው ቤት ሲያበራ ኖሯል። በዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ የተጠራቀመበት ድካም አንድ ላይ ቢከመር ከደሴ በላይ የቆመውን ጦሳ ተራራን በአንድ ክንድ ይበልጣል። ሲተኛ ደክሞት ነው፤ ሲነሣ ደግሞ የእንቅልፉ ድካም ተጨምሮበት ነው። ሰፈርተኛው እንደሚለው ከሆነ፣ «አሰላሙ» ብሎ ይጀምርና «ዐለይኩም»ን የሚጨርሰው መሰላሉን ግድግዳ አስደግፎ ካረፈ በኋላ ነው።

ሚስቱ መርየም የደሴ ልጅ ናት። ሰኞ ገበያ ተወልዳ በጉም ያደገች ሴት፣ ለፍቅር ብላ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ፍቅሩን ለመደችው፤ ሙቀቱን ግን ሠላሳ ዓመትም አላስለመዳት። ረመዳን ወደ ሙቀቱ ወራት ከገባ ወዲህማ ባሰባት። በሰኔ ቀትር የቤታቸው ቆርቆሮ ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ገና ሳይነሣ ይቀቅለው ነበር። ስለዚህ ወሩ ሲቃረብ ጓዟን ጠቅልላ ደሴ እህቷ ዘንድ ትወጣለች። ሀምዱም አራት ረመዳን ብቻውን፣ አንድ ጫፉ ባረረ ሌላው ጫፉ ጥሬ በሆነ ቂጣ አፈጠረ።

በ1975 ዓ.ም. ግን መርየም ቁርጡን ነገረችው።

«ዘንድሮ ከወጣሁ ለዒድም አልወርድ፣ ለአረፋም አልወርድ። ጉልበቴ አልቋል። ሐረጎን ስወጣ ስወርድ አውቶብሱ እንኳ ሰለቸኝ።»

«ነፋስ አመጣልሻለሁ ብዬሻለሁ» አላት።

«ነፋሱማ መጥቶ አልጋ ሥር ተኝቷል። እንዳንተው ደክሞታል።»

እውነቷን ነው። አሰብ ወደብ የሚሠራው የአጎቱ ልጅ የላከለት የጣሪያ ቬንትሌተር ሦስት ክንፉን አጥፎ አልጋ ሥር ከገባ ሰባት ወሩ ነው። ሀምዱ ሊሰቅለው ያላሰበበት ቀን የለም። ግን ሰኞ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ማክሰኞ የውይይት ክበብ፤ ረቡዕ የማኅበር ስብሰባ፤ ሐሙስ ደግሞ የሦስቱን ቀን ስብሰባ የሚገመግም ስብሰባ። የተረፈውን ቀን የሰው አምፖል ይጠራዋል።

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጧት፣ በቃ ብሎ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ሲያወጣ በሩ ተንኳኳ። የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ስማቸው ነው፤ አካፋ ይዟል።

«ጓድ ሀምዱ፣ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ነው። ውጣ እንጂ!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬን ብቻ ማሩኝ። ቬንትሌተር ልሰቅል ነው።»

«ለማን?»

«ለባለቤቴ።»

ስማቸው አካፋውን ተደግፎ በጥሞና አሰበ። «ለአንድ ሰው ብቻ? የግል ነፋስ ማለት ነው?»

«ኧረ እኔም ከሥሩ እቀመጣለሁ።»

«ጥሩ። መጀመሪያ ለሰፊው ሕዝብ ጥላ እንትከል፤ ከዚያ የግሉ ይደርሳል።»

ሀምዱ ተከለ። በእሱ አቆጣጠር የዚያን ቀን ብቻውን የተከለው ችግኝ ቢጸድቅ ከኮምቦልቻ ቢስቲማ ድረስ ፀሐይ ሳይነካው የሚሄድ ሰው ይኖር ነበር። ወገቡን ይዞ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መርየም ጓዟን አስራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እሥሩ ላይ ደጃፍ ተቀምጣለች። የደሴው አውቶብስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።

«ሦስት ሰዓት አለሽ» አላት።

«ሦስት ሰዓት አለህ» አለችው።

ግቢው ውስጥ ላሉት ስድስት ቤቶች ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ እሱም አሮጊቷ ጣይባ ቤት። ሀምዱ ፈቃድ ሊጠይቅ ገባ።

«እትዬ ጣይባ፣ ይኸ ነገር መብራት ይስባል። አምፖልዎ ትንሽ ይደበዝዝ ይሆናል።»

«ዐይኔም ደብዝዞ የለ ወይ? ይስማማሉ። ሳብ ልጄ!» አሉና መሰላሉን ሊይዙለት እየተመረኮዙ ተከትለውት መጡ።

እዚህ ላይ ስለ ኮርኒሱ መናገር ያስፈልጋል። እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ የሀምዱም ቤት ኮርኒስ ተወጥሮ የተመታ አቡጀዲ ነው። ሀምዱ ሰው ቤት ቬንትሌተር ሲሰቅል የመጀመሪያ ቃሉ «መጀመሪያ አቡጀዲውን አውርዱልኝ» የሚል ነው። ጨርቁን ሳያስወርድ ሰቅሎ አያውቅም። አሁን ግን ቀና ብሎ ሲያየው ጨርቁ እንደ ሰማይ ሰፋበት፤ ምስማሩ እንደ ከዋክብት በዛበት። ክንዱም ወገቡም በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ።

«የራሴ ቤት ነው፣ ምን ይለኛል» አለና በሲኒ አፍ ልክ ቀደደው። በቀዳዳው እጁን አሾልኮ መንጠቆውን ከወራጁ እንጨት ጋር አሰረ፤ ቬንትሌተሩን አንጠለጠለ፤ ሽቦውን አገናኝቶ በናስትሮ ጠቀለለ። ከመሰላሉ ሲወርድ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ቢስሚላህ» ብሎ ማብሪያውን ተጫነ።

ቬንትሌተሩ አቃሰተ፤ ዞረ፤ ፈጠነ። መርየም ከደጃፍ አንገቷን አሰገገች። ያኔ አቡጀዲው ወደ ታች ሆዱን መንፋት ጀመረ። አንዱ ክንፍ የቀዳዳውን ጠርዝ ያዘ፤ ምስማሮቹ ጧ ጧ እያሉ ተራ በተራ ለቀቁ፤ ኮርኒሱ በሙሉ ከአራቱ ማዕዘን ተግተልትሎ በቬንትሌተሩ ላይ ተጠመጠመ። ከላዩ ተኝቶ የኖረው አቧራም፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ አንድም ሳይጎድል፣ ወረደ። ሀምዱ ማጥፊያውን በዳበሳ አገኘው።

አቧራው ሲረጋ ከጣሪያው ላይ ትልቅ ነጭ ጥምጣም ያሰረ ነገር በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

«ያ አላህ!» አሉ ጣይባ፣ ዐይናቸውን እያጨነቆሩ። «ሼሁ ከየት መጡ?»

መርየም ሣቀች። እሥሯ ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ሣቀች። ሀምዱ እንደ ዱቄት ነጋዴ ነጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መሣቅም ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ዘንድ ደግሞ የተረፈ የለም። ከመንገዱ የአውቶብስ ጥሩምባ ተሰማ፤ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ሰው መጥራት ጀምሯል።

«በይ ሂጂ» አላት ቀስ ብሎ። «እንዳያመልጥሽ። ለእህትሽ ሰላም በይልኝ።»

መርየም ሣቋን ዋጠችው። ፊቱን አየችው፤ ከአቧራው መካከል ዐይኖቹ ብቻ ይታያሉ፤ እነሱም ቀልተዋል።

«ጥምጣሙን ሳትፈታማ አልሄድም» አለች። «ተነሥ፤ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ።»

እንዴት እንደ ወጣ እሱም አያውቅም። ጨርቁን ሲፈታው ሲፈታው፣ በእሱ ግምት ርዝመቱ ቦሩ ሜዳ ደርሶ ይመለስ ነበር። መርየም ከሥር እየተቀበለች አጠፈችው። ማብሪያውን እሷው ራሷ ተጫነችው።

በዚህ ጊዜ ቬንትሌተሩን የሚይዘው ጨርቅ አልነበረም። ዞረ። ነፋሱ ወረደ፤ የነጠላዋን ጫፍ አነሣ፤ አንገቷ ሥር ገባ።

«መስኮቱን ዝጉ!» ብለው ጮኹ ጣይባ። «ሁለት ነፋስ ሲገናኝ ሰው ይመታል!»

መስኮቱ ተዘጋ፤ በሩም ተዘጋ። መርየም መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ወላሂ፣ የጦሳ ነፋስ ነው» አለች። «በረደኝ።»

ወደ ጓዟ ጎንበስ አለች። ለደሴ ብርድ ብላ ከሁሉ በላይ ያሰረችውን ጋቢ ልታወጣ የእሥሩን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ በሰኔ ሙቀት፣ ኮምቦልቻ መካከል፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ተመቻችታ ተቀመጠች። ውጪ አውቶብሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እሥሩን መልሶ ያሰረው የለም።

«ለሌሊቱ ሱሁር ምን ልሥራልህ?» አለችው።

ሀምዱ ፒንሳውን እንደ ጨበጠ መሰላሉን ተደግፎ አንቀላፍቷል፤ ነፋሱም ከፀጉሩ ላይ የጃንሆይን አቧራ በጥቂት በጥቂቱ ያራግፍለታል።