ግንደ ቆርቁሩ የፈራው

በዚያች የአሶሳ የእስር ክፍል አራት ነበርን። አንዱ በሰዓት እላፊ የተያዘ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዱ ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ የመጡ የበቆሎ ነጋዴ፣ አንዱ ልጃቸው እስኪገኝ በእሱ ፋንታ የታሰሩ የበርታ ሽማግሌ፣ አራተኛው እኔ። ስም አልጠራም።

ሲያስገቡኝ በሩ ሥር፣ ከሽንት ጀሪካኑ ጎን ተቀመጥኩ። የአዲስ ገቢ ቦታ ነው። ሹፌሩ በምን እንደተያዝኩ ጠየቀኝ። ግንደ ቆርቁር ስመለከት አልኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር፣ በደረቀ የዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ጥንዶቹ ቀዳዳ ሲፈለፍሉ፣ እንቁላል ሲታቀፉ፣ ጫጩት ሲመግቡ ስከታተል ከርሜ ነበር። ያስያዘኝ የርቀት መነጽሬ ነው።

ሹፌሩ ወደ ነጋዴው ዞረ። «በወፍ የሚታሰር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ይሄ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ተልኮብን ነው።»

ከዚያ በኋላ ያናገረኝ የለም። ሽማግሌውም መቁጠሪያቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። የምርመራውን ክፍል ከእኛ የሚለየው ቺፕውድ ብቻ ነው፤ ሳል ሳይቀር ይሰማል። መርማሪው ድምፁ ለስላሳ ነው። ውሃ ሰጠኝና ፎቶ አሳየኝ። ወጣቱን አወቅሁት። ጠዋት ጠዋት የማር ጀሪካን ተሸክሞ ከዋንዛው ሥር ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ግንባሩ ቁርጥ የሽማግሌው ነው። አላየሁም፣ ዓይኔ ወፎቹ ላይ ነበር አልኩ። እንግዲያው ስለ ወፎቹ ንገረኝ አለ።

እውነት ስለሆነ አፌ ተፈታ። አናቱ የቀላው ወንዱ እንደሆነ፣ ሌሊት የሚታቀፈው እሱ እንደሆነ፣ ጠዋት አንዳንዴ ምግብ በአፉ ይዞ ሳይገባ ከግንዱ ጀርባ ተለጥፎ እንደሚቆይ ነገርኩት።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማንን ፈርቶ ነው?»

ከቺፕውዱ ማዶ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

«እኔን» አልኩ።

ደጋግሞ ጠየቀኝ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ቀበቶውን ፈታ። መልሴን አልለወጥኩም። ስለ ወፎቹ ከተናገርኩት ሁሉ ውሸቱ ያ ብቻ ነው።

ሲመልሱኝ ሹፌሩ ከመስኮቱ ሥር ተነሣና ቦታውን ለቀቀልኝ፤ እሱ ጀሪካኑ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ፈትተው አጥፈው ከጀርባዬ አደረጉልኝ። በተሰባበረ አማርኛቸው በዝግታ፣

«ወፉ አንተን አትፈራም» አሉ። «እኔ እዚያ ቀፎ እሰቅላለሁ፣ አይቻለሁ። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ ወፉ ትገባል።»

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው «ዕቃዎን ይዘው ይውጡ» ተባሉ። ጥምጣሙን ልመልስላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ቀጥሎ የመኪና ሞተር ሰማን።

ከተፈታሁ ወዲህ አሁንም ወደ ዋንዛው እሄዳለሁ። ቀዳዳው ውስጥ ሌላ ወፍ ገብቶበታል። ቀፎው እንደተሰቀለ ነው፤ ማሩን የሚቆርጥ ሰው ግን አላየሁም። ጥምጣሙን አጥቤ አስቀምጫለሁ።

አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የዘለልኩትን ጨምሩበት። በተለይ አንተ፣ ሹፌሩ፤ ያን ጠዋት መስኮቱን ይዘህ ቆመህ ነበር። እኔ መነሣት አልቻልኩም። መኪናው ወዴት ታጠፈ?