ክፍት የድሃ ቦታ

ዓለምሸት በሐጂ መስዑድ መጋዘን ስምንት ዓመት ቡና ለቅማለች። ሥራው ቀላል ነው ይባላል፤ የሚሉት ግን ሠርተውት የማያውቁ ናቸው። ጠዋት ተገብቶ ባዶ ጆንያ ይነጠፋል፣ እግር ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ከመቻራ የመጣው ቡና ፊት ለፊት ይደፋል። ከዚያ ጥቁሩን ፍሬ፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጠጠሩን፣ አንዳንዴም የገበሬውን የሸሚዝ ቁልፍ እየለቀሙ ማውጣት ነው። ሲመሽ አንዲት ለቃሚ ከመሬት ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሁለቱም ያው ለቃሚዎች ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን የሚያነሳ ይፈለጋል።

ለዚህ ሁሉ ክፍያው በቀን አንድ ስሙኒ ነበር።

ከዓለምሸት ጋር ግድግዳ የምትጋራው እትዬ ብርነሽ ደግሞ ድሃ ነበረች። ይህ ስድብ አይደለም፤ ማዕረጓ ነው። በአሰበ ተፈሪ ድሃ ሞልቶ ነበር፤ በጸሐፊ እጅ የተመዘገበ ድሃ ግን አሥራ ሁለት ብቻ። ባሻ ኃይለየሱስ፣ በከተማው ካሚዮን ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ እስከ ሰባት ዓመት ተዝካራቸው ድረስ በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ቁና ማሽላ ለነዳያን ሊሰጡ ተስለው ነበር። ጨውና በርበሬ በላዩ ላይ አለ፤ ለፋሲካም ነጠላ። ካሚዮኑ የሐጂ መስዑድን ቡና ጭኖ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል፤ ሲመለስ የድሆቹን ማሽላ ይዞ ይወጣል።

እንግዲህ ከግድግዳው ወዲህ ያለችው ስትሠራ ትውላለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ተቀምጣ ትውላለች፤ ማታ የገንፎ ሽታ የሚመጣው ግን ከወዲያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሠራተኛዋ ድሃዋ ቤት ጎራ ብላ አንድ ጣሳ ዱቄት ትበደራለች። ብርነሽ ቸር ናት፣ ትሰጣለች፤ ምክር ሳትጨምርበት ግን ሰጥታ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ» ትላለች ዱቄቱን እየሰፈረች፣ «በዚህ ዕድሜሽ መሥራቱን አላበዛሽውም?»

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አረፉ። ብርነሽ ከቀብር ስትመለስ ዕንባዋን እንኳ ሳትጠርግ የዓለምሸት በር ላይ ቆመች።

«ቦታ ተከፍቷል» አለች። «ነገ በጠዋት ባሻ ፊት ቁሚ። ካመለጠሽ ሌላ ሰው እስኪሞት ልትጠብቂ ነው፤ እኛ ደግሞ በደንብ ስለምንበላ ቶሎ አንሞትም።»

ዓለምሸት ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። ያቺን አንዲት ቦታ ካገኘች ጦም አታድርም፣ ወገቧ ያርፋል፣ የሐሙሱ ብድር ይቀራል። ካላገኘች ጆንያው አለ። ጠዋት ሲሆን፣ በሥርዓት ያደገች ሴት ናትና፣ ተሳሳተች። ትልቅ ሰው ፊት በቡትቶ እንደማይቆም ከልጅነቷ ታውቃለች። ራሷን ተሠራች፣ እግሯን በሳሙና ታጠበች፣ ከብርነሽም ያን የፋሲካ ነጠላ ተዋሰች። በሰፈሩ ከዚያ የነጣ ልብስ አልነበረም።

የባሻ ጸሐፊ ታደሰ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ለድህነቱ ነው የመጣሁት።»

ታደሰ ከነጠላው ጥለት እስከ ተረከዟ አያት። «ለማን?»

«ለራሴ።»

ባሻ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ሥራ አለሽ?»

«አለኝ ጌታዬ። ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ሥራ ያላት ሰው እንዴት ድሃ ትሆናለች?»

«ድሃ ያደረገኝ እሱው ነው ጌታዬ።»

ባሻ ይህን ለመረዳት ጥቂት ሞከሩ፤ ተዉት። «የለበስሽው ነጠላ ግን ጥሩ ነጠላ ነው» አሉ።

«የእርስዎ ስጦታ ነው» እንዳትል ብርነሽን ማሰረዝ ይሆናል። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች ዓለምሸት ዝቅ ብላ። ባሻ ስላደነቋት የተመሰገኑ መሰላቸው። ያቺን አመስጋኝ አንገት ወደዷት መሰለኝ፣ ደንቡን አስነገሯት፦ ሥራ ያለው አይመዘገብም፤ ተመዝግቦ ሲሠራ የታየ ይሰረዛል፤ ሥራ የሌላት መሆኗን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ታምጣ።

ወደ መጋዘኑ ሄደች። ሐጂ መስዑድ ሚዛኑ አጠገብ ነበሩ።

«ሐጂ፣ ሥራውን ልለቅ ነው።»

«ለቀሽ ምን ልትሆኚ?»

«ድሃ።»

«አሁንስ ምንድን ነሽ?»

«አሁንማ ሠራተኛ ነኝ።»

ሐጂ ተናደዱ። ስምንት ዓመት ያበሏት ሰው ትታቸው ስትሄድ! ከመጋዘኑ በር ወጥተው ገበያተኛው እስኪሰማ፣ «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ሴት ሥራ የላትም!» ብለው ጮኹ። የባሻ ጸሐፊ ከማዶ ሥጋ ቤት ቆሞ ሰማ። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ምስክር ያለ ልመና ተገኘ፤ ሁለቱን ብርነሽ ሞላችላት።

ዓለምሸት አሥራ ሁለተኛዋ ድሃ ሆነች።

ድህነት ግን ሙያ ይጠይቃል። ማሽላው በሚታደልበት በማደያው ቀን በባሻ ግቢ አጥር ሥር ተሰልፎ መቀመጥ፣ ነፍስ ይማር ማለት፣ ስም ሲጠራ ቁና ማቅረብ፤ ከዚያ ሌላውን ቀን ሁሉ ምንም አለማድረግ። ያ ምንም አለማድረግ ነው ያስቸገራት። እጇ አልቀመጥ አለ። አንድ ቀን ሳታስበው የግቢውን ጠጠር በአንድ በኩል፣ አፈሩን በሌላ በኩል ለይታ ስትከምር፣ ከድሆቹ ሁሉ አንጋፋው አባባ ዳምጤ አዩዋት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ምንም እንዲህ አይደለም የሚሠራ። እጅሽን ብብትሽ ሥር አድርጊ። ትከሻሽን ጣል አድርጊ። እንዲያ። አሁን ዝም ብለሽ ፀሐዩን እይ። ጸሐፊው ቢያልፍ ቶሎ ብለሽ አትዩት፤ ሥራ የለመደ ሰው ነው ቶሎ የሚያይ።»

በሦስተኛው ሳምንት ተካነች። ጉንጯ ሞላ፣ ወገቧ ቀና አለ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው፤ መጋዘኑ ያሉት ለቃሚዎች አዩዋት። መጀመሪያ የመጣችው ሞሚና ናት፣ ስምንቱን ዓመት ከጎኗ ተቀምጣ የለቀመች ጓደኛዋ።

«አቦ ዓለምሸት፣ እኔንስ ያስገቡኛል?»

«የክርስቲያን ተዝካር እኮ ነው።»

«እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። እሱም ያው ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

በሳምንት ውስጥ ሰባት ለቃሚዎች ሥራ ለቀቁ፤ ቀድመው ሥራ አጥ ሆነው ለመገኘት ነው። ቦታ ግን አልነበረም፤ ይጠብቁ ጀመር። መቼም ምን እንደሚጠብቁ የታወቀ ነው። በየማለዳው በየድሆቹ ቤት እየዞሩ እንዴት አደሩ ይሉ ነበር፤ በአሰበ ተፈሪ ለድሃ ጤና እንዲህ የተጨነቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አባባ ዳምጤ ሳል ነበረባቸው። ባሳሉ ቁጥር ሰባት አንገት ወደ እሳቸው ይዞራል። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ሳላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እየደበቁ ያስሉ ጀመር።

ሐጂ መስዑድ አንድ የማደያ ቀን ባሻ ግቢ መጡ። ድሆቹ በአጥሩ ሥር፣ ተስፈኞቹ ከድሆቹ ኋላ ተቀምጠዋል።

«ባሻ፣ ቡናዬ ሳይለቀም ቀረ። ረቡዕ ረቡዕ ባቡር ይሄዳል፤ የእርስዎም ካሚዮን ባዶውን ሊወርድ ነው።»

ባሻ ካሚዮናቸው ባዶውን ሲወርድ ታያቸውና ከወንበራቸው ተነሱ። «እኔ ምን ላድርግ?»

«ድሆችዎ ከሠራተኞቼ የተሻለ ይበላሉ። እንዲህ ከሆነ ማን ይሠራል? ትንሽ ቀነስ ያድርጉላቸው።»

«እርስዎ ትንሽ ጨመር ያድርጉላቸዋ።»

ሐጂ ሚስትዎን ይፍቱ የተባሉ ያህል ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ፣ «ቡና ንግድ እንደሱ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

ታደሰ ብዕሩን ከጆሮው አወጣ። «ባሻ፣ ግማሽ ግማሽ ቁና ብናደርገውስ?»

ዓለምሸት ገባት። ሥራዋን አስረክባ የገባችበት ቦታ በግማሽ ሊቆረጥ ነው። ደግሞ ድሃ ፊት ለፊት አይከራከርም፤ ከተከራከረ ጉልበት አለው ይባላል። እጇን ከብብቷ ሥር ሳታወጣ፣ ለስላሳ አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የእመቤቴን ነፍስ ግማሹን ይማር እንበል፣ ወይስ ሙሉውን?»

ብርነሽ ከጎኗ «ኧረ የትኛውን ግማሽ?» ስትል ተጨነቀች።

ባሻ ደነገጡ። ስለት ነው፤ ስለት ጎደለ ማለት ሟቿ በሕልም ይመጣሉ፤ በሕይወት እያሉም በጎደለ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። «ቁናው አይጎድልም» አሉ። «አሥራ ሁለት ብያለሁ፣ አሥራ ሁለት ነው።» ዓለምሸት ትንፋሿን ለቀቀች። ባሻ ግን ነጋዴም ናቸው፤ ዓይናቸው ከድሆቹ ኋላ ወዳሉት ተስፈኞች ሄደ፣ ወደ ሐጂ ተመለሰ። ቀስ እያለ ፊታቸው በራ።

«ታደሰ፣ እኔ የተሳልኩት ቁና ነው፤ አፍ ቆጥሬአለሁ?»

«አልቆጠሩም ባሻ።»

«በል እነዚህንም ጻፋቸው። ሰባቱንም። እስላም ክርስቲያን አትበል። ነገ የሚመጣም ካለ ጻፍ። ደጄ ለማንም አይዘጋም።»

ግቢው በምርቃት ተሞላ። ደጁ ከተከፈተ ከተማው ዝም አይልም፤ በማግስቱ ከመሰላ ወረዳ ሳይቀር ሰው መጣ። በቀጣዩ ማደያ አሥራ ሁለቱ ቁና ለአርባ ሁለት ሰው ተካፈለ። ዓለምሸት ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤቷ ገባች፤ ለሁለት ቀን እንኳ አልደረሰም። የባሻ ደግነት በመላው ጭሮ አውራጃ ተወራ፤ ቄሱም በስብከታቸው አነሱት።

ስሙኒው በቀን አንድ ነው፤ ቢያንስ ከዚህ ይሻላል። ስምንቱም ሴቶች፣ ዓለምሸትና ሞሚና ከፊት ሆነው፣ በነጋታው ጠዋት ወደ መጋዘኑ ተመለሱ። ሆነ ብለው ነው ጠዋት የሄዱት፤ ሐጂ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ሆነው የገቡት ቃል አንድም ቀን አድሮ አያውቅም።

ሐጂ በደስታ ተቀበሏቸው። ጆንያው ተነጠፈ፣ ቡናው ተደፋ። ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። እጃቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። ትከሻቸውን ጣል አድርገው ፀሐዩን ያዩ ጀመር።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ ሐጂ።

«ምንም» አለች ዓለምሸት።

«ባቡሩ ረቡዕ ነው!»

«ረቡዕ ነው» አለች ሞሚና። «አቦ፣ ረቡዕ ጥሩ ቀን ነው።»

ሐጂ ወጡ፣ ገቡ። አስፈራሩ፤ ስምንቱ ሴቶች ቶሎ ብለው አላዩአቸውም። ለመኑ፤ ያኔም አላዩአቸውም። ሌላ ለቃሚ ፍለጋ ሰው ላኩ፤ የተላከው ተመልሶ ከተማው ሁሉ ድሃ ሆኖ ለመመዝገብ ባሻ ግቢ ተሰልፏል አለ። ከቀትር በፊት ፀሐዩ የመጋዘኑን ደፍ ሲያልፍ ሐጂ ሚዛናቸው ላይ ተቀመጡና ሰማይ ሰማይ እያዩ በስሙኒው ላይ አሥር ሳንቲም ጨመሩ።

ዓለምሸት እጇን አወጣች። ስምንቱም አወጡ። ቡናው ይንሿሿ ጀመር።

ባሻ ወሬውን የሰሙት ካሚዮናቸው ሙሉ ጭነት ይዞ ሚኤሶ ከወረደ በኋላ ነው። በጣም ደስ አላቸው፤ ለቄሱም፣ «አዩ አባ፣ ምጽዋት በልኩ ሲሆን ሰው ሥራ ይወዳል» አሏቸው።