ዶማ ይዘው የመጡት እንግዳ

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አያ ታከለ ዶማ ተሸክመው ጎንደር ከተማ ወደተከራየሁት ቤት መጡ።

አያ ታከለ ጠዳ አጠገብ ትንሽ የፐርማካልቸር እርሻ አላቸው። መሬቱን ሳያርሱ በጭድ ሸፍነው፣ ዛፍና አትክልት አሰባጥረው ያለማሉ። ክረምት ላይ ሳምንት ያህል በበጎ ፈቃድ ጎመን ስተክልላቸው ሰንብቻለሁ።

«ምነው አያ፣ በደህና?»

«ወንፈልህን ልመልስ ነዋ! እኔ ዘንድ ሠርተህ ዝም ብል አገሩ ምን ይለኛል?»

ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት የገበሬ ደንብ ነው። የእኔ ግቢ ግን ሲሚንቶ ነው። በነፃ እንደሠራሁ ብነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ጉልበቴን ናቅኸው?»

አከራዬ በመስኮት ብቅ አሉና «ሲሚንቶዬን እንዳይነኩብኝ!» ብለው ጮኹ።

በመጨረሻ አጥሩ ሥር ያለችውን ጠባብ አፈር አሳየኋቸው። ድንጋይዋን ለቀሙ፣ ቆፈሩ፣ ይዘውት የመጡትን የጎመን ችግኝ ተክለው ጭድ አለበሷት። «አሁን ሸጋ ሆነ» ብለው ተሰናበቱን። አከራዬና እኔ ለወራት ከዚያ ጎመን በላን።

ኋላ ላመሰግናቸው ጠዳ ስሄድ እሳቸው ገበያ ወርደዋል። የተከልሁትን ጎመን ፈልጌ ባጣው ባለቤታቸውን ጠየቅሁ።

«ያንተንማ የሄድህ ዕለት የጎረቤት ፍየል ገብቶ አንድም ሳያስቀር ጨረሰው» አሉኝ። «እሱ አልነገረህም?»