ከውሃው ዳር ተሳቢ አይቆምም

የመንግሥት ሥራ ከደብረ ታቦር አንስቶ ከሰቆጣ በታች፣ የተከዜ ግድብ ውሃ ከተኛበት ዳር ሲያደርሰኝ፣ የመኪና ማቆሚያ ደንብ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አገሩ ገደል ነው። ወደ ውሃው ደህና መውረጃ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በዚያችው ሴቶች በጀሪካን ይቀዳሉ፣ ከብት ይጠጣል፣ ከማዶ የሚሻገረው ሰው ከጀልባ ይወርዳል። ዓሣና ፍየል ሊጭኑ የሚመጡት ባለተሳቢ መኪኖችም ነፋሻውን ወደውት እዚያው ተደርድረው ይሰነብቱ ነበር። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ከሐይቁ ያጥባሉ፤ ሴቶቹ ከመኪናው የፈሰሰውን ዘይት በእጃቸው ገፋ እያደረጉ ይቀዳሉ።

አንድ ቀን ቤት ያከራየችኝ ሴት ጀሪካኗን አዝላ በተሳቢና በገደሉ መካከል ልታልፍ ስትል ተንሸራታ ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። በአገሩ ቋንቋ በኻምጣንጋ ሲከራከሩ ቆይተው፣ አንድ አረጋዊ የተስማሙበትን በአማርኛ እየመለሱ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ከባድ መኪና ከላይ ሜዳው ላይ ይቁም። ጭነት ያለው ወርዶ ይጫን፣ እንደጨረሰ ይውጣ። ከውሃው ዳር ማደርም መኪና ማጠብም ክልክል ነው። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ፈረሙበት፤ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ጽፈን መውረጃው አፍ ላይ ተከልነው።

ወር ሳይሞላ ኃላፊው አስጠሩኝ።

"ለሦስት መኪና የፈቃድ ቀላጤ አዘጋጂ" አሉኝ። "ባለቤቱ የምናውቀው ሰው ነው። ከውሃው ዳር ጥቂት ቀን ይቆማሉ።"

"ደንቡ ይከለክላል።"

"ደንቡን ያወጣነው እኮ እኛው ነን።"

"ያወጣው ሕዝቡ ነው፤ እኛ ጻፍነው እንጂ። ደግሞ ከባድ መኪና ነው የሚለው፤ የማን መኪና እንደሆነ አይልም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "አንቺ እዚህ እንግዳ ነሽ። በሰው አገር ነገር ምን አገባሽ?"

"እኔ አልጽፍም" ብዬ ወጣሁ። እሳቸውም እንደኔው ተመድበው የመጡ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ቢሮዬ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ተመልሼ ልነግራቸው ቃጣኝና ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ መኪኖች እየወረዱ ነው ሲባል ሥራዬን ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ አከራዬ ክንዷን በጨርቅ እንዳንጠለጠለች፣ ባዶ ጀሪካኗን መንገዱ መካከል አስተኝታ ተቀምጣበታለች። የፊተኛው መኪና ከፊቷ ቆሟል። አረጋዊው ከጎኗ በዱላቸው ተደግፈዋል። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

ሾፌሩ ወርዶ ወረቀት ዘረጋልኝ። "ፈቃድ አለን፣ እህቴ።"

አነበብኩት። ኃላፊው ራሳቸው ጽፈው ፈርመዋል። ማህተም ግን አልነበረውም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ "ደንብ በሚጥስ ወረቀት ላይ አልመታም" ማለቷን የሰማሁት ኋላ ነው።

"ማህተም የለውም፣ ወንድሜ" አልኩት። "ቢኖረውም አትወርድም።"

"እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ።"

"ልጄ" አሉት አረጋዊው፣ "አንተ ነገ ትሄዳለህ። እኛ ይህንኑ ውሃ እንጠጣለን።"

ሾፌሩ ወደ አከራዬ ዞረ። "ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ያንተን በሚያህል መኪና ጎን ሳልፍ ወድቄ" አለችው። ከጀሪካኑ አልተነሳችም።

ሾፌሩ አቀበቱን ወደ ላይ አየና፣ ኋላ ላሉት በእጁ ምልክት ሰጠ። ተሳቢ ይዞ በኋላ ማርሽ አቀበት መውጣት ቀልድ አይደለም። የመጨረሻው መኪና ሜዳው ላይ እስኪቆም ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳ ነበር። እኛም እስከዚያ ንቅንቅ አላልንም።

በሳምንቱ "የበላይ ትእዛዝ ባለማክበር" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይቅርታ በጽሑፍ ብጠይቅ ከፋይሌ እንደሚወጣም ኃላፊው በቃል ነገሩኝ። አንድ ወረቀት ወስጄ "ያጠፋሁት ስለሌለ የምጠይቀው ይቅርታ የለም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩና ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አነበቡት፤ አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ማስጠንቀቂያው ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ። ዕድገት በመጣ ቁጥር ይነበብብኛል፤ ይነበብ። መኪኖቹ ከላይ ሜዳው ላይ ይቆማሉ። አንዳንዴ አንዱ ሾፌር ሰው የለም ብሎ ሹልክ ብሎ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ በሬን ታንኳኳለች፣ እኔም ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ።