ዘይት ነው የተባለው ብልቃጥ

ብልቃጡን ያመጣችው ጓደኛዬ ናት፤ አራስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሕንፃ ገዝታ። ውሃ ውስጥ ጠብ እየተደረገ በኤሌክትሪክ የሚተን፣ ቤት የሚያውድ ነገር ነው። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ምንድነው ይሄ ልጄ?» አለቻት።

«የባሕር ዛፍ ዘይት ነው እማማ። ተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አይጎዳም።»

ተፈጥሮ! እባብስ ተፈጥሮ አይደል?

እናቴ ግን «እሰይ፣ ዘይትም ወጣለት?» ብላ ሳቀች። የተወለደችው እዚሁ ገርጂ ነው፤ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሳይመጣ፣ አካባቢው እርሻና ባሕር ዛፍ ሳለ። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅላ፣ ጋቢ አከናንባ እያጠነች ነው ያሳደገችን። ዘይት ደግሞ ለእሷ ወይ ይበላል፣ ወይ ይቀባል። ሕፃን ገላውን ታጥቦ በዘይት ይታሻል፤ ይሄን የማያውቅ ማን አለ?

ልጄ አምስት ወር ሲሞላው አፍንጫው ታፈነ። ዳይፐር ልገዛ ወርጄ ስመለስ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። በሩን ስከፍት እናቴ ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ደረቱንና አፍንጫውን በዚያ ዘይት እያሸች እሹሩሩ ትለዋለች። ልጁ አያለቅስም። ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። «ጉዴ ፈላ!» ብዬ ልጁን ነጥቄያት ወደ ክሊኒክ በረርኩ። እሷም ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችኝ።

ሐኪሟ ኦክስጅን አደረገችለት፣ ገላውንም በሳሙና አሳጠበችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ በትሕትና አስረዳቻት።

«እማማ፣ ይሄ እርስዎ እንደሚያውቁት ዘይት አይደለም። የስንት ቅጠል ጉልበት እዚህች ብልቃጥ ውስጥ ነው ያለው። ለሕፃን ፊት በጭራሽ አይቀባም። ትልቅ ሰውም ሳይበርዝ ገላው ላይ አያደርገውም። በሚተንበት ክፍል እንኳ ሕፃን ባይገባ ይሻላል።»

እናቴ እጆቿን እያየች «ትንፋሹ እንዲከፈትለት ብዬ ነው» አለች። ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ልጁ ተረፈ፣ ተመስገን። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም። እጇን በሎሚ ታጥባለች፣ በአመድ ትፈትጋለች፣ በረኪና ሳይቀር ሞክራለች። «አልለቀቀኝም» ትላለች። ልጁ እየዳኸ ሲመጣባት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። እሱ ደግሞ ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

«ኧረ በፈጠረሽ እማዬ፣ ምንም አይሸትም!»

«አንቺ ጉንፋን ይዞሽ ነው።»

ብልቃጡን ከጣልኩት ቆይቷል። ሆኖም እሷ የምትቀመጥበት ሶፋ አጠገብ ሳልፍ እኔንም ይሸተኝ ጀመር። መስኮት እከፍታለሁ፣ ይሸተኛል። ፈራሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አምና አልጋ ያዘች። ልጁ አልጋው ላይ አጠገቧ ሲወጣ እጆቿን ብርድ ልብሱ ሥር ከተተችና «እስኪ አሽትቺኝ» አለችኝ። መዳፏን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት። የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር።

«የለም እማዬ። ማርያምን!»

«ትዋሺኛለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጄ የአያቱን እጅ የያዘው ትንፋሿ ካለቀ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ በሁለት እጁ ያዛት። ያን ቀን ብቻ አልሸሸችውም።