በአይሱዙ የመጣው ቤት

ይህ የሆነው ካቻምና ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልከበረም። እኔ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ምናልባትም ሰው በተሰበሰበበት፣ ሳልጠየቅ፣ አፌን የከፈትኩበት ብቸኛው ቀን ስለሆነ ይሆናል።

በማኔጅመንት ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ያገኘሁት አቃቂ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ካሶኒ በሚሠራ ጋራዥ ቢሮ ነው። ስልክ አነሳለሁ፣ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንድ ክፍል ነው። የጋራዡ ባለቤት ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። «የትዕግሥት ስልክም ሳይለንት፣ ራሷም ሳይለንት» እያለ በያጆቹ ፊት ያሾፍብኛል። እኔም አቀረቅራለሁ።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ። በረንዳው ላይ ጋሽ ድንቁ የሚባሉ ሽማግሌ ያድሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በጥበቃ ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ይጠብቁ የነበረው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ሲሚንቶና ብረቱን ነበር። ባለ ዕጣዎቹ ቁልፋቸውን ተረክበው ሲገቡ የጋሽ ድንቁ ሥራ አለቀ፤ ያድሩባት የነበረችው የቆርቆሮ ክፍልም ፈረሰች። ጠዋት ጠዋት በረንዳውን ጠርገው፣ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው ሲቀመጡ የሚያያቸው ሰው መንገደኛ ናቸው እንጂ ቤት የላቸውም አይልም።

በዚያ ዓመት ግን ባለ ወፍጮው በረንዳውን በብሎኬት ዘግቶ ሱቅ ሊያደርገው ወሰነ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኑሮ ከብዶት ኪራይ ፈልጎ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ቦታ ይፈልጉ አላቸው።

ሰይድ ደላላ ይዞ ቤት ሊያፈላልግላቸው ዞረ። ለአንዲት የጭቃ ክፍል የተጠየቀው ኪራይ ለጋሽ ድንቁ ቀርቶ ለእኔም ደመወዝ የሚቀመስ አልነበረም። ሲዞር ውሎ ተመልሶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«እኔ ለበግና ለሲሚንቶ ቤት ስሠራ ነው የኖርኩት» አለ። «ለአንድ ሽማግሌ ያቅተኛል?»

አላቃተውም። የቤቱ አጥንት ካሶኒ የሚሠራበት ያው ቱቦላሬ ብረት ነው። ግድግዳው ሁለት ላሜራ ሆኖ በመካከሉ ብርድና ሙቀት የሚከላከል ፎም ገባበት። የአቃቂ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሚስተካከሉ የብረት እግሮች ላይ እንዲቆም አደረገው። አልጋው ቀን ቀን ታጥፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መስኮት አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ አምፖል አለው፣ በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለው። በያጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት እየቀሩ በነፃ ሠሩ። ሰይድ «የበሩን ቀለም አንቺ ምረጪ» ሲለኝ ሰማያዊ አልኩ።

ቦታውን የሰጠው የሠፈሩ ዕድር ነው። ዕድሩ ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ አለው። አንዱ ጥግ ባዶ ነበር። በስብሰባው ላይ አንዳንዶቹ ሲያመነቱ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ እትዬ ብርቄ ተነሥተው፣ «ድንኳናችን ቤት አለው። ድስታችን ቤት አለው። ሰውየው ነው የሌለው» ብለው ተቀመጡ። ጥጉ በዚያው ተፈቀደ።

ቤቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። እኔ እናቴ «አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም» ስትል ስላደግኩ፣ ከገላን ስመጣ አንድ ካርቶን የሻይ ብርጭቆ ገዝቼ ነበር። ስደርስ ወንዶቹ «ያዝ፣ ቀስ በል» እየተባባሉ ቤቱን ከመኪናው አውርደው እያስተካከሉ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። እኔም እንደ ልማዴ ከኋላ፣ የግቢው በር አጠገብ ቆምኩ።

«የሎተሪ ሱቅ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«የጥበቃ ቤት ነው እንጂ። ዕድሩ ድንኳኑን ሊያስጠብቅ ነው» አለ ሌላው።

ጋሽ ድንቁ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጓዛቸውን በአንሶላ ቋጥረው መጡ። ቤቱን ዞሩት። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ጥሩ ተሠርቷል» አሉ። «ለመሆኑ ምኑን ነው የምጠብቀው?»

ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

«ምንም አይጠብቁም ጋሼ» አለ ሰይድ። «ይኖሩበታል። ቤትዎ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለች ቤት ውስጥ እኮ ነው ያረጀሁት። አውቃታለሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። ሥራው ሲያልቅ ውጣ ይሉሃል።»

«ወላሂ ማንም ውጣ አይልዎትም።»

«መጀመሪያ ላይ የማይምል የለም።»

እትዬ ብርቄ ጣልቃ ገቡ። «ጋሽ ድንቁ፣ የምናስወጣዎት ዕድሩ የሚቀብርዎት ቀን ብቻ ነው። ያውም ተሸክመን።»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ ጋሽ ድንቁም ትንሽ ፈገግ አሉ። ወደ ውስጥ ግን አልተመለከቱም። ጓዛቸውን አስቀምጠው፣ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልክ እንደ ዘበኛ።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰይድ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ «ጋሼ ይግቡ፣ ዝናብ መጣ» አላቸው።

«ተወኝ ልጄ። በረንዳው ገና አልተዘጋም፤ ዛሬን እዚያው ልደር» ብለው ጓዛቸውን አንሥተው ተነሡ።

ያን ጊዜ ሰይድን አየሁት፤ ቁጢጥ እንዳለ ቀርቷል። ሲቀልድ እንጂ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ብሎኬቱ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተራግፎ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ እዚያ ቢያድሩ፣ ነገ ግንበኛው ሲመጣ ወዴት ነው የሚሄዱት? ያን የመሰለ ቤት ደግሞ ባዶውን ሊቀር ነው።

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እኔ ግን ካርቶኔን እንዳቀፍኩ፣ ወዴት ዞር እንደምል ሳላውቅ፣ በቀጥታ ፊት ለፊታቸው ቀረሁ። ሁሉም አየኝ። ፊቴ ጋለ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ፣ አዲስ ቤት ደጃፍ ላይ ባለቤቱ ሲገጥመኝ እንድለው ከልጅነቴ የተማርኩት ነው።

«ቤት ለእንቦሳ» አልኳቸው።

አስቤበት አይደለም። ሰው ብልህ ናት ሲለኝ የማፍረው ለዚህ ነው። ካሰብኩማ ዝም ነበር የምለው።

የዚህ መልስ የባለቤቱ ነው፤ ሌላ ሰው አይመልሰውም። ሰይድ አፉን ሲከፍት እትዬ ብርቄ እጅጌውን ጎተት አደረጉት። ጋሽ ድንቁ፣ ከውስጥ የሚመልስልኝ ሰው ያለ ይመስል፣ ወደ ቤቱ ዞረው አዩ። ማንም የለም። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ካርቶኑንም አዩት። እንግዳን እንዲህ ካለ በኋላ መልስ ነስቶ ደጅ ማቆም ነውር ነው። እርሳቸው ደግሞ ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«እንቦሳ እሰሪ» አሉ፣ በዝግታ።

ቀጥለውም፣ «ምነው ቆምሽ ታዲያ? ግቢ እንጂ» አሉኝ። እንግዳ ባለቤቱን ቀድሞ አይገባምና እርሳቸው ዞረው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ሰማያዊውን በር ከፍተው ገቡ። ተከተልኳቸው።

ውስጥ ገብተን ተያየን። የት እንደሚያስቀምጡኝ ግራ ገባቸው። አልጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሰይድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ይሳቡት ጋሼ፣ ወደ ታች ይሳቡት» አለ። ሳቡት፤ አልጋው ወረደ። ተቀመጥኩ።

«የማቀርብልሽ የለኝም» አሉ። እውነትም አፈሩ።

ወዲያው በመስኮቱ በኩል ድፎ ዳቦና የሻይ ፔርሙዝ ገባ። «እንግዳ አለብዎት ሲባል ሰምቼ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ ከውጭ። ካርቶኑን ከፍተን ብርጭቆዎቹን አወጣን። ጋሽ ድንቁ ሻይ ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መግባት ፈለገ። ቤቱ ግን ሦስት አራት እንግዳ ቢይዝ ነው። ስለዚህ በየተራ ሆነ። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ እርሳቸውም «እንቦሳ እሰሩ» ይላሉ። ሰፊ ቤት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድ ላይ ገብቶ፣ አንዴ ተብሎ ያልቅ ነበር። ጋሽ ድንቁ ግን የዕድሜ ልካቸውን ያህል መለሱ። ድምፃቸው በየተራው ከፍ እያለ ሄደ። እትዬ ብርቄ ሁለተኛ ሲመጡ፣

«ቅድም ገብተው አልነበረም?» አሏቸው።

«ቅድም ለዳቦው ነው የገባሁት። አሁን ለራሴ ነው።»

ያን ጊዜ ጋሽ ድንቁ ድምፅ አውጥተው ሳቁ።

ዝናቡ መጣ። ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ወደ ድንኳኑ መጋዘን ሮጠ። እርሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «ኧረ ኑ፣ ይበቃናል» እያሉ ይጣሩ ነበር።

አሁን በዚያ ግቢ ሦስት ትንንሽ ቤቶች አሉ። በአንደኛው ከቂሊንጦ ፋብሪካ ሥራ የተቀነሰች እናት ከልጇ ጋር ትኖራለች። ጋሽ ድንቁ መስኮታቸው ሥር ጎመን ተክለው ለሁሉም ይቀነጥሳሉ። ሰይድ እንዲህ ያለ ቤት በየግቢው እንዲፈቀድ ፎቶውን በስልኩ ይዞ ያላንኳኳው ቢሮ የለም። «ለከተማው ገጽታ አይመጥንም» ያሉት አሉ። «በረንዳ ላይ ማደሩ ነው የሚመጥነው?» ብሎ መልሶላቸዋል። ስቆ ነው የነገረኝ፤ እንደማይተወው ግን አውቃለሁ።

ትንሽ ቤት ለሁሉም ይሆናል አልልም። ልጅ የበዛበት ቤተሰብ አይችልም፤ ውኃና መጸዳጃ ቤት የሌለበት ጥግ ላይ ቢያስቀምጡትም ሌላ ችግር ነው። ግን ስንቶቻችን ነን የዕጣ ቤት ስንጠብቅ፣ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨመርብን፣ ዕድሜያችንን በሰው ክፍል የምንጨርሰው? ስንት ግቢስ ባዶ ጥግ አለው? ሰው የሚያስፈልገው ቆሞ የሚራመድበት፣ ተጋድሞ የሚያርፍበት፣ እንግዳ ሲመጣ ግባ የሚልበት ነው። ያ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

በጋሽ ድንቁ ቤት እቀናለሁ። መጀመሪያ አፍሬበት ነበር፤ የተማረ ሰው እንዴት በላሜራ ቤት ይቀናል ብዬ። አሁን አላፍርም። ባለፈው ወር ድፍረቴን ሰብስቤ ሰይድን፣ «ለእኔም አንድ ሥራልኝ፤ በየወሩ እከፍልሃለሁ» አልኩት። ይቀልድብኛል ብዬ ነበር።

«አንቺ ቦታ ፈልጊ» አለኝ። «ቤቱን እኔ አመጣዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ግቢ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ጥጉን ነው የሚያየው። እስካሁን ሁለት ሰው ጠይቄ እምቢ ብለውኛል። ሦስተኛዋን ሴትዮ ነገ እጠይቃለሁ።