ሃያ አንዱ እንክብል

ከመንደራችን ከሄሉ ወጥተን በኡራን ያለውን የውኃ ኩሬ እንድንጠብቅ ትእዛዝ የደረሰን በድርቅ ወራት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሞባይል ኮረብታ ካልወጡ የማይሠራበት ዘመን ነበር። ስምንት ሆምጋርዶች ነበርን፤ መንግሥት አሮጌ ጠመንጃ ያስታጠቀን የመንደር ጠባቂዎች። የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ ስንት ጠላት ገደልክ?» ይሉኛል። እኔ የምነግራቸው ግን ስለ እንክብል ነው።

ጓደኛዬ ጋልጋሎ ጀርባውን ስለሚያመው ለወራት ማስታገሻ በባዶ ሆዱ ሲውጥ ከርሞ ጨጓራው ቆስሎ ነበር። ከመነሣታችን በፊት አብሬው ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ኦሜፕራዞል የሚባል ዳዋ፣ መድኃኒት ማለት ነው፣ ሰጠችው፤ ሃያ ስምንት እንክብል፣ በየማለዳው አንድ።

«ስማኝ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ዳዋ ቁስሉን አይለጥፍም። አሲዱን ይቀንስልሃል፤ የጨጓራህ ግድግዳ ፋታ ሲያገኝ ራሱን ይጠግናል። ሕመሙ ቶሎ ይጠፋል፤ ቁስሉ ግን ገና ነው። ሳትጨርስ እንዳታቆም። ማስታገሻውንም ተወው» አለችው።

ኩሬው ዳር ሰፈርን። ስንቅ ያዡ እኔ ነበርኩ። በእኛ ደንብ ያለው ሁሉ በነፍስ ወከፍ ይካፈላል፤ ዱቄቱም፣ ጥይቱም፣ ጫቱም። በሰባተኛው ቀን ጋልጋሎ እየሳቀ መጣ።

«ታዴ፣ ሆዴ ጸጥ ብሏል። የቀረውን እንክብል ለሁሉም አካፍል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

የኩሬው ውኃ የሌሎቻችንን ሆድ አበላሽቶት ነበር። ነርሷ ያለችው ትዝ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን የተሰጠን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የእኔም ጨጓራ ያቃጥለኝ ነበር። ሃያ አንድ ቀርቷል። ከእሱ ውጭ ለሰባታችን ሦስት ሦስት ደረሰን። ምንም ሳይተርፍ እኩል በመድረሱ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ጋልጋሎ ድኛለሁ ብሎ ወደ ማስታገሻው ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ቀን ከቁጥቋጦው ጀርባ ሲመለስ «ሰገራዬ ጥቁር ሆኗል» አለኝ። «የሻዩ ነው» አልኩት። ኩሬው በየቀኑ ይጎድላል። ማዶ ካለው ኮረብታ አቧራ ይነሣል፤ ማን እንደሆነ አናውቅም። ጠላት የምንጠብቀው ከዚያ ብቻ ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከብት ዘራፊዎች መጡ። ተኮሱ። ተኮስን። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አብዲ የሚባለው ጓዳችን ደረቱን ተመትቶ ወደቀ። ቀጥሎ ጋልጋሎ ወደቀ፤ ከአፉ ደም ይወርዳል። ሸሚዙን ቀድጄ ጥይት የገባበትን ፈለግኩ። አገላበጥኩት። ቀዳዳ የለም።

«ሆዴ ነው፣ ታዴ» አለኝ።

ፍየል በጫነ ሎሪ ላይ አሳፈርነው። ሄሉ ሳንደርስ ዐረፈ። ስለ ጥቁሩ ሰገራ ለነርሷ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። «እሱ እኮ ደም ነበር» አለች።

ሳጂናችን መዝገቡን ከፍቶ «የሞቱት?» አለ።

«ሁለት።»

«በምን?»

«አብዲ በጥይት» አልኩ። ደግ ሰው ነበር፤ ለጋልጋሎ ክብር ሲል «ሁለቱም በጥይት» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማንያታው፣ በታጠረው ሰፈራችን፣ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳወልቅ ከደረት ኪሴ ሁለት እንክብል ወደቀ። ከሦስቱ የዋጥኩት አንዱን ብቻ ነበር። በማግስቱ ስለተሻለኝ ትቼዋለሁ።